የኤችአይቪን ወጪ ስንከታተል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ አገር ባለፈው ዓመት ለኤችአይቪ ስንት አወጣ ተብሎ ሲጠየቅ ጤና ሚኒስቴር አንድ ቁጥር፣ ገንዘብ ሚኒስቴር ሌላ ቁጥር፣ ለጋሾች ደግሞ ሦስተኛ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። ማንም አልዋሸም። አንዱ የተመደበውን፣ ሌላው የተለቀቀውን፣ ሦስተኛው ቃል የተገባውን ተናግሯል። የተጠየቀው ግን ሥራ ላይ የዋለው ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም (ዩኤንኤድስ) ለዚህ ያዘጋጀው ዘዴ ብሔራዊ የኤድስ ወጪ ግምገማ ይባላል። የእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ናሳ» ስለሆነ «ናሳ ላይ እየሠራሁ ነው» ያለ ባለሙያ ስለ ጠፈር ሳይጠየቅ አይቀርም። ዘዴው እያንዳንዱን ክፍያ ከተነሣበት እስከ ደረሰበት ይከተልና ስድስት ነገር ይጠይቃል። ገንዘቡ ከማን መጣ? ማን ተረክቦ ምን ይገዛበት ብሎ ወሰነ? አገልግሎቱን ማን ሰጠ? አገልግሎቱ ምን ነበር? ለማን ታስቦ ተሰጠ? ለመስጠትስ ምን ግብዓት ተገዛ? በኋላ የተሻሻለው መመሪያ ሌሎች ጥያቄዎችንም ጨምሯል፤ አጥንቱ ግን እነዚህ ስድስቱ ናቸው። በዚህ ሥራ የመደመር ስህተት ብዙም አያጋጥምም። የሚያጋጥመው ለአንዱ ጥያቄ የሚገባውን መልስ ለሌላው መስጠት ነው።

በጀትን ወጪ ብሎ መመዝገብ

በጀት ሐሳብ ነው፤ ወጪ የሆነ ነገር ነው። ልዩነቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሆኖም የሒሳብ ሪፖርት ሲዘገይና የጽሑፉ ማስረከቢያ ቀን ሲደርስ የበጀት ሰነዱ ከመሳቢያ ይወጣና ክፍተቱን ይሞላል። ለፖሊሲ አውጪ ከዚህ የባሰ ጉዳት የለም። ምክንያቱም በተመደበውና በዋለው መካከል ያለው ርቀት ራሱ ትልቅ መረጃ ነው። ገንዘቡ የት ላይ እንደቆመ የሚያሳየው እሱ ነው፤ በጀቱን ወጪ ብለን ስንመዘግብ ርቀቱን ዜሮ አደረግነው ማለት ነው።

የተለቀቀ ገንዘብም ገና ወጪ አይደለም። ከማዕከል ወደ ታች የተላለፈ ገንዘብ በተቀባዩ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ተኝቶ ዓመቱ ሊያልቅ ይችላል። የወጪ ሪፖርት ጨርሶ ካልተገኘና የበጀት ቁጥርን ከመጠቀም ሌላ አማራጭ ከሌለ፣ ያ መስመር ግምት መሆኑ በግልጽ ተጽፎበት ይግባ።

አንዱን ገንዘብ ሦስቴ መቁጠር

ይህ ጊዜ ወስደን ልናየው የሚገባ ነው። አንድ ለጋሽ 10 ሚሊዮን ሰጠ እንበል። ገንዘቡን የተረከበው ዓለም አቀፍ ድርጅት 2 ሚሊዮኑን ለራሱ ቢሮና ለክትትል ሥራ አውሎ 8 ሚሊዮኑን ለአገር ውስጥ ማኅበር አስተላለፈ። ማኅበሩ ከተቀበለው ውስጥ 7.5 ሚሊዮኑን ኮንዶም ለማሠራጨትና ለምርመራ አዋለ፤ ግማሽ ሚሊዮኑ ወደ ቀጣዩ ዓመት ተሻገረ። አሁን ሦስቱም መጠይቅ ተልኮላቸው ሞሉ። ለጋሹ 10፣ ድርጅቱ 10፣ ማኅበሩ 7.5 ብለው ጻፉ። ሦስቱም በየራሳቸው ልክ ናቸው። አጥኚው ደምሮ 27.5 ሚሊዮን ካለ ግን አገሪቱ ያላየችውን ገንዘብ ፈጠረላት። ትክክለኛው 9.5 ሚሊዮን ነው፤ 2 ሚሊዮኑ በድርጅቱ፣ 7.5 ሚሊዮኑ በማኅበሩ እጅ ሥራ ላይ የዋለ።

መፍትሔው የለጋሹን ሪፖርት መጣል አይደለም። ያ ሪፖርት ምስክር ነው፤ የማኅበሩ መዝገብ ከላይ ከተባለው ጋር መግጠሙን የምናጣራው በእሱ ነው። ከላይ ወደ ታች የወረደውን መረጃና ከታች ወደ ላይ የተሰበሰበውን አጋጥሞ፣ ወጪውን አንድ ጊዜ ብቻ፣ አገልግሎቱ በተሰጠበት ቦታ መመዝገብ ነው። በመጨረሻ በገንዘብ ምንጭ የተደመረው፣ በአገልግሎት ሰጪ የተደመረውና በአገልግሎት ዓይነት የተደመረው አንድ ቁጥር መሆን አለበት። ካልሆነ አንድ ቦታ የተደገመ ወይም የጠፋ ነገር አለ። ልዩነቱን «ማስተካከያ» በሚል መስመር ሸፍኖ ማለፍ የሚቻል መሆኑን አውቃለሁ፤ ሲደረግም አይቻለሁ። ማንንም አያታልልም።

ደመወዝን ሁሉ «የሰው ኃይል» ውስጥ መክተት

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የዚሁ ግምገማ ምደባ አገልግሎቶችን በስምንት ትልልቅ ክፍሎች አስቀምጧል፤ መከላከል፣ እንክብካቤና ሕክምና፣ ወላጅ አልባና ተጋላጭ ሕፃናት፣ የፕሮግራም አስተዳደር፣ የሰው ኃይል፣ ማኅበራዊ ጥበቃ፣ ምቹ ሁኔታ መፍጠር እና ምርምር። አምስተኛው ክፍል በስሙ ምክንያት ብዙ ሰው ያሳስታል። «ሰው ኃይል» የሚለውን ያየ መዝጋቢ የነርሶችን፣ የሐኪሞችን፣ የአማካሪዎችን ደመወዝ በሙሉ ጠርጎ እዚያ ያስገባል።

በፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ክፍል የምትሠራ ነርስ ደመወዝ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይመልሳል። አገልግሎቱ ምን ነበር? የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና። ምን ግብዓት ተገዛ? የሰው ጉልበት፣ ማለትም ደመወዝ። ስለዚህ ወጪው በአገልግሎት ረድፍ ሕክምና ውስጥ፣ በግብዓት ረድፍ ደመወዝ ውስጥ ይገባል። የሰው ኃይል የተባለው ክፍል የተዘጋጀው ባለሙያዎችን ለማቆየት ለሚከፈል ማበረታቻ፣ ለሥልጠናና ለትምህርት ነው። ደመወዙን እዚያ ስናፈስስ ሕክምና ከእውነቱ ያነሰ ዋጋ ያለው ይመስላል፤ መድኃኒቱ ብቻ ተቆጥሮ የሚሰጠው ሰው ተረስቷልና። ቀጥሎ አንድ ሰው በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ለአንድ ታካሚ በዓመት ስንት ያስፈልጋል ብሎ ሲያሰላ ስህተቱ ወደ ቀጣዩ ዕቅድ ይሻገራል።

በተቃራኒው አቅጣጫም ይሳሳታሉ። ተሽከርካሪ ሲገዛ «ተሽከርካሪ» አገልግሎት አይደለም፤ ግብዓት ነው። ለምን አገልግሎት ተገዛ የሚለው ለብቻው መመለስ አለበት።

ምርመራንና እናቶችን ባልተገባ ረድፍ ማስቀመጥ

በ2009 ምደባ፣ አንድ ሰው ራሱን ለማወቅ ፈልጎ በፈቃዱ ሄዶ ከተመረመረ ወጪው መከላከል ውስጥ ነው። በሌላ ሕመም ወደ ጤና ጣቢያ መጥቶ ሐኪሙ ምርመራውን ካዘዘለት ግን እንክብካቤና ሕክምና ውስጥ ይመዘገባል። መሣሪያው ያው፣ ጠብታ ደሙም ያው ሆኖ ረድፉ ይለያል። ለመዝጋቢ የሚያሰለች ልዩነት ነው፤ ሆኖም ሁሉን ምርመራ አንድ ላይ ማድረግ የመከላከልን ድርሻ ያሳብጠዋል ወይም ያከስመዋል።

ከእናት ወደ ልጅ የሚደረገውን መተላለፍ መግታት ከዚህም ይበልጥ ያከራክራል። እናቲቱ የምትወስደው መድኃኒት ስለሆነ ብዙዎች ሕክምና ይሉታል። ምደባው ግን መከላከል ይለዋል። ተጠቃሚውም፣ አገልግሎቱ የታሰበለት ማለትም ሕፃኑ ነው፤ በምደባው አገላለጽ ቫይረሱ በደማቸው ካለ እናቶች የተወለዱ ወይም የሚወለዱ ሕፃናት። መድኃኒቱን የሚውጠው ሰውና አገልግሎቱ የታሰበለት ሰው ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። «ለማን» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ታስቦ በነበረው ሕዝብ ነው። ለወሲብ ንግድ ሠራተኞች ተብሎ የተዘጋጀ ትምህርት ላይ ሌሎች ሰዎች ቢገኙም የታሰበለት ሕዝብ አይቀየርም። የቢሮ ኪራይና የፕሮግራም አስተዳደርን ደግሞ በግድ ለአንድ የኅብረተሰብ ክፍል ለማደል መሞከር አያስፈልግም፤ ለተለየ ሕዝብ ያልታለሙ ወጪዎች የራሳቸው ቦታ አላቸው።

«ልዩ ልዩ»

አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት የደረሰኝ ሠንጠረዥ ከላይ እስከ ታች አምሮ ተሞልቶ ነበር። መጨረሻ ላይ «ልዩ ልዩ» የሚል መስመር አለ፤ ከጠቅላላው ወጪ ሲሶውን ይዟል። ሒሳብ ሠራተኛውን ደውዬ ስጠይቀው «እሱማ ብዙ ነገር ነው» አለኝ። ለማወቅ የፈለግሁት ያንኑ ብዙ ነገር ነበር።

ምደባው ለማይለዩ ወጪዎች ሁለት የተለያዩ መለያ ቁጥሮች አሉት። በ98 የሚያልቀው፣ ለምሳሌ ገንዘቡ መከላከል ላይ መዋሉ ቢታወቅም በየትኛው የመከላከል ሥራ ላይ እንደዋለ መረጃው ሳይከፋፈል ለቀረበ ነው። በ99 የሚያልቀው ደግሞ ሥራው በደንብ ታውቆ ነገር ግን ከተዘረዘሩት አንዱም ውስጥ የማይገባ ሲሆን ነው። የመጀመሪያው የመረጃ ጉድለት ነው፤ ሁለተኛው የምደባው ጉድለት። እነዚህን ማደባለቅ ማለት ሰነፍ መዝገብንና አዲስ ዓይነት ሥራን በአንድ ስም መጥራት ነው። 98 ከበዛ ወደ መረጃ ሰጪው መመለስ ይገባል፤ 99 ከበዛ አገሪቱ ምደባው ያላሰበውን ነገር እየሠራች ይሆናል።

ጤና ሚኒስቴርን ብቻ መጠየቅ

የኤችአይቪ ወጪ ከጤና ዘርፍ ይሰፋል። ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት፣ በማረሚያ ቤት የሚደረግ ምርመራ፣ የመከላከያ ሠራዊት ፕሮግራም፣ ለሕፃናት የሚከፈል የትምህርት ወጪ፣ አድልዎን የሚከላከል የሕግ ድጋፍ ሁሉ ይቆጠራሉ። ይህን ግምገማ የአገሪቱን የጤና ወጪ ከሚቆጥረው ከብሔራዊ የጤና ሒሳብ የሚለየውም አንዱ ይኸው ነው። ቤተሰብ ከኪሱ የሚያወጣው፣ በግል ክሊኒክና በፋርማሲ የሚከፈለውም ይገባል። ሕመምተኛው ሥራ ባለመግባቱ ያጣው ገቢ ግን አይገባም፤ ያ ሌላ ጥናት ነው።

የጋራ ወጪን ወይ ሙሉ ወይ ዜሮ ማድረግ

ሆስፒታል ለኤችአይቪ ብቻ አልተሠራም። መብራቱ፣ ላቦራቶሪው፣ የተኝቶ ሕክምናው የጋራ ነው። አንዳንዱ ለይቼ ማወቅ አልችልም ብሎ ምንም አይመዘግብም፤ ሌላው የላቦራቶሪውን በጀት በሙሉ ይጭናል። ሁለቱም ከመንገድ ወጥተዋል። የማካፈያ መለኪያ መፈለግ ይሻላል። ከ1,000 የአልጋ ቀን 80ው ከኤችአይቪ ጋር በተያያዘ ሕመም ለተኙ ሰዎች የዋለ ከሆነ የክፍሉ የጋራ ወጪ 8 በመቶ ድርሻው ነው። ወይም የተሰጠው አገልግሎት ብዛት በአንዱ ዋጋ ይባዛል። የትኛውም ቢመረጥ መለኪያው ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ሌላ መለኪያ ተጠቅሞ «ወጪ ቀነሰ» እንዳይል።

ብድር፣ በዓይነት የመጣ እርዳታ፣ ምንዛሪ

ከልማት ባንክ የተገኘና የሚመለስ ብድር የውጭ እርዳታ አይደለም። መንግሥት ከፋይ ስለሆነ በመንግሥት ምንጭ ሥር ይመዘገባል። በዓይነት የመጣ መድኃኒትና ኮንዶም ገንዘብ ስላልተላለፈበት ብቻ አይዘለልም፤ በገበያ ዋጋ ተተምኖ ይገባል። ምንዛሪውም በዓመቱ አማካይ ይሁን፤ ሪፖርቱ በተጻፈበት ቀን ባለው ከሆነ የገንዘቡ ዋጋ በወደቀ ቁጥር ያለፈው ዓመት ወጪ አብሮ ይወድቃል።

የተለያዩ ዓመቶችን እንደ አንድ ዓመት ማየት

የአሜሪካ መንግሥት የበጀት ዓመት ከጥቅምት 1 እስከ መስከረም 30 በአውሮፓውያን ቀን ይቆጠራል፤ የፔፕፋር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የኤድስ እርዳታ ፕሮግራም፣ ቁጥሮችም ያንኑ ተከትለው ይመጣሉ። ሌሎች ለጋሾች በጥር ይጀምራሉ፤ ብዙ መንግሥታት በሐምሌ። የሦስቱን «ዓመታዊ» ሪፖርት እንዳለ መደመር ሦስት የተለያዩ ዓመቶችን መደመር ነው። የወር ወይም የሩብ ዓመት ዝርዝር ማስላክ ይቻላል፤ ለጋሾች ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ አላቸው።

መድኃኒት ላይ ችግሩ ይከርራል። ትእዛዙ በዓመቱ የመጨረሻ ወር ተከፈለ፤ ዕቃው በሚቀጥለው ዓመት ሦስተኛ ወር መጋዘን ደረሰ፤ ታካሚዎች እጅ የገባው ከዚያም በኋላ ነው። የግዢ ሰነዱን ብቻ ያየ ሰው በአንዱ ዓመት ሕክምና ሰማይ የነካ፣ በሌላው የተቋረጠ ይመስለዋል፤ በክሊኒኮቹ ግን የታካሚው ቁጥር አልተንቀሳቀሰም። የመጋዘኑን የዕቃ ወጪ ካርድ ከግዢ ሰነዱ ጎን አድርጎ በዓመቱ በእርግጥ የተሠራጨውን መቁጠር ሁለት ቀን ሊወስድ ይችላል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ያንን ካርድ ነው።