ሐቅና ሚዛንን የምናከብርበት ምሽት፦ አዘገጃጀቱ

አል-ሐቅ እና አል-ሚዛን። አንዱ ራማላ፣ ሌላው ጋዛ ውስጥ የተቋቋሙ የፍልስጤም የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ናቸው። ስማቸውን ማስተርጎም አያስፈልግም። አምና ስቶክሆልም ላይ ማኅበራችን ባዘጋጀው ምሽት ይህን ስናገር፣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት «የእኛው ቃል ነዋ!» አሉ። አዳራሹ የነቃው ያኔ ነው። እናንተም እንዲህ ያለ ምሽት ስታዘጋጁ ከስሙ ጀምሩ።

እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ፤ አገር ቤት ፍርድ ቤት ቃል ስጽፍ ነበር የኖርኩት። እስካሁን ሦስት ጊዜ አዘጋጅተናል፣ የመጀመሪያውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀኑን ለመምረጥ አትድከሙ፤ ታኅሣሥ 1፣ ማለትም ዲሴምበር 10፣ የሰብአዊ መብት ቀን ነው። እዚህ ከተማ ግን የኖቤል ማታ ስለሆነ አዳራሹን በመስከረም ያዙ።

ድርጅት ምረጡ፤ ከሁለት አይብለጥ። «ስለ ፍልስጤም» ብላችሁ ከጠራችሁ ሰው ይመጣል፣ ግን ማታው በክርክር ያልቃል። ስለ አንድ ቢሮ ሥራ ካወራችሁ ሰው ያዳምጣል። እኛ አምና አል-ሐቅን እና አድ-ደሚርን ይዘን ነበር። አድ-ደሚር ማለት ሕሊና ነው፤ የሚቆመው ለእስረኞች ነው። እስራኤል አስተዳደራዊ እስር የምትለውን በደንብ አስረዱ፦ ክስ የለም፣ ማስረጃው ለታሳሪውም ለጠበቃውም አይገለጥም፣ ትእዛዙ እስከ ስድስት ወር ነው፣ ሲያልቅ ደግሞ ይታደሳል። የድርጅቱ ጠበቃ ሳላህ ሐሙሪ ራሱ በዚህ ታስሮ፣ የኢየሩሳሌም ነዋሪነቱ ተሰርዞ፣ በዲሴምበር 2022 ወደ ፈረንሳይ ተባሯል። ይህን ስነግር ከእኛው መካከል ማዕከላዊን የሚያውቁት አንገታቸውን ደፉ፤ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም።

አሁን ወደ ዋናው። የምናከብረው ሥራውን ነው፣ ስቃዩን አይደለም። አል-ሐቅ በ1979 በጠበቆች ሲቋቋም ጀምሮ ዋና ሥራው ወረቀት ነው። የመስክ ሠራተኛው ቤቱ የፈረሰበት ወይም ልጁ የተገደለበት ሰው ዘንድ ይሄዳል፣ ቃሉን በመሐላ ይቀበላል፣ ያስፈርማል። የት ቆመህ ነበር? ስንት ሜትር ይርቃል? ስንት ሰዓት ነበር? ስለዚህ ግጥምና ክራር ከማዘጋጀታችሁ በፊት፣ ድርጅቱ ራሱ ለሕዝብ ካወጣቸው ምስክርነቶች አንዱን መርጣችሁ ወደ አማርኛ መልሱ። ከሁለት ገጽ አይብለጥ።

ትርጉሙ ላይ አትቸኩሉ። እኛ ሦስት ማታ ፈጅቶብናል። አንባቢያችን ጎበዝ ልጅ ነው፣ ድምፁም ያምራል። በመጨረሻው ልምምድ ግን «ቡልዶዘሩ ሲመጣ አየሁ» ብሎ አነበበ። ወረቀቱ ላይ ያለው «ሰማሁ» ነው። «እታባ፣ አየሁ ሲባል እኮ ይበልጥ ይነካል» አለኝ። ይነካል፤ ግን ቃሏን የሰጠችው ሴትዮ በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ናት፣ መስኮቱም በሌላ በኩል ነው። ይቺን አንዲት ቃል የለወጥን እንደሆነ፣ የመስክ ሠራተኛው ቼክፖይንት ተሻግሮ የለቀመውን እኛ ሞቅ ያለ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብለን አፈረስነው ማለት ነው። ልጁ ገባው። ማታው ላይ «ሰማሁ» ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ከ«አየሁ»ም በለጠ።

«አሸባሪ ተብለዋል አይደል?» የሚል ሰው ይነሳል፤ ሳይነሳ ራሳችሁ ተናገሩት። በኦክቶበር 2021 የእስራኤል መከላከያ ሚኒስቴር ስድስት ድርጅቶችን፣ አል-ሐቅንና አድ-ደሚርን ጨምሮ፣ በአሸባሪነት ፈረጀ፤ ያለው ምክንያት እስራኤል አሸባሪ ከምትለው ከፍልስጤም ነጻነት ሕዝባዊ ግንባር ጋር ግንኙነት አላቸው የሚል ነው፣ ድርጅቶቹ አይቀበሉትም። በጁላይ 2022 ዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች፣ ስዊድንም አንዷ ነች፣ አቋማችንን የሚያስለውጥ በቂ መረጃ ከእስራኤል አልደረሰንም ብለው በጋራ አስታወቁ። በኦገስት 18 ሌሊት ወታደሮች ቢሮዎቹን ሰብረው ገቡ፣ ዕቃ ወሰዱ፣ በሮቹን በብረት በየዱ። ሠራተኞቹ ብረቱን አንስተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አል-ሐቅ የፍልስጤም አስተዳደር የሚፈጽመውንም በደል እንደሚመዘግብ አትዝለሉት። እኛ ዘንድ ዘመዳቸው እስራኤል ያሉ ሰዎች አሉ፣ የወንድማቸው ልጅ እዚያ ወታደር የሆነም አለ፤ እነሱን ያረጋጋቸው ይህ ነው።

አገር ቤት የነበረውንም ጥቀሱ፣ ግን አጭር አድርጉት። አዋጅ 621/2001 (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው) የመብት ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከአሥር በመቶ እንዳይበልጥ ሲያደርግ ስንቱ ቢሮ እንደተዘጋ የሚያስታውስ ሰው አዳራሹ ውስጥ አይጠፋም።

ጥፋቴን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ፖስተር ላይ የአንድ የመስክ ሠራተኛ ፎቶ ከኢንተርኔት አውርጄ ለጠፍኩ። አንድ ፍልስጤማዊ ጎረቤቴ አይቶት «እሱን ጠይቀሽዋል?» አለኝ። አልጠየቅኩም። ያ ልጅ በየቀኑ የሚሻገረው ኬላ አለ። በዚያው ማታ 40 ፖስተር በጥፍሬ ፋቅሁ። ስለዚህ አስቀድማችሁ ለድርጅቱ ጻፉ፣ የሚፈቅዱትን ብቻ ተጠቀሙ። መልስ ካልመጣ የሰው ፊት አይኑር፤ የድርጅቱ ስም በትልቁ ከተጻፈ ይበቃል።

ገንዘብ አትሰብስቡ። በተለይ አሜሪካ ያላችሁ፣ ልብ በሉ፦ የአሜሪካ መንግሥት በጁን 2025 አድ-ደሚርን፣ በሴፕቴምበር ደግሞ አል-ሐቅን፣ አል-ሚዛንን እና የፍልስጤም የሰብአዊ መብት ማዕከልን በማዕቀብ ዝርዝር አስገብቷል። ከእነሱ ተናጋሪ መጋበዝ እንኳ ጣጣ ሊያመጣ ስለሚችል ጠበቃ ሳታማክሩ አትነሱ። ሙዳየ ምጽዋት በር ላይ ያቆሙ አንድ ሰው ነበሩ፣ እባክዎ ያንሱልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

ቡናው ይኑር። የዘንድሮውን ረከቦት አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ገብስ፣ ምስርና ባቄላ በሳህን አደረግን፤ የግብርና ሥራ ኮሚቴዎች ኅብረት የተባለው የፍልስጤም ገበሬዎች ድርጅት በኬብሮን ያለው የዘር ባንክ በጁላይ 2025 በቡልዶዘር ስለተመታ ነው። ዶክተር መላኩ ወረደ የአገራችንን ዘር በማዳን በ1989 የተሸለሙት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ሽልማት መቀመጫው ስቶክሆልም ነው፤ የፍልስጤም የሰብአዊ መብት ማዕከልን የመሠረቱት የጋዛው ጠበቃ ራጂ ሱራኒም በ2013 ይህንኑ ሽልማት አግኝተዋል። ሰው ቡናውን ይዞ እሳህኖቹ ዙሪያ ቆሞ አመሸ።

በማግስቱ ደብዳቤ ጻፉ። «አንጀታችን ተቃጠለ» አትበሉ። የትኛውን ምስክርነት እንዳነበባችሁ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ስንት ሰው እንደሰማ ጻፉና የአማርኛውን ቅጂ አያይዙ። የተሰብሳቢውን ስም ያለፈቃድ አታስገቡ፤ ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ለመሳለም የሚሄዱ አሉ፣ ኤርፖርት ላይ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው። በእኛ ደብዳቤ ላይ የፈረሙት 14 ናቸው። ሌሎቹ 47ቱ በቁጥር ብቻ ገቡ።