ዘይት እየጠጣ የሚደርቅ ጸጉር፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

«በየቀኑ ዘይት እቀባለሁ፣ ጸጉሬ ግን እንደደረቀ ነው።» የተፈጥሮ ጸጉራቸውን የሚንከባከቡ ሰዎች በብዛት የሚያነሱት ስሞታ ይህ ነው። ዘይቱን ከመቀየራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ጸጉርን የሚያረጥበው ውሃ ነው። የዘይት ሥራ የገባው ውሃ ቶሎ እንዳይተን መከልከልና ጸጉሩን ማለስለስ ነው። ዘይት የማያድነውን ደግሞ መቀስ ያነሳዋል። አሁን የእናንተን ችግር ፈልጉና ከዚያው ጀምሩ።

ያብረቀርቃል፣ ሲነካ ግን ድርቅ ያለ ነው

መንስኤው በአብዛኛው ቅደም ተከተል ነው። ደረቅ ጸጉር ላይ ዘይት ስትደርቡ ከላይ ይወዛል እንጂ ውስጡ ያው ደረቅ ነው። ጥቅልል ጸጉር ላይ ችግሩ ይብሳል። ከራስ ቆዳ የሚወጣው ተፈጥሯዊ ቅባት በየጥምዝምዙ እየተያዘ ጫፍ ሳይደርስ ይቀራል።

መፍትሄው፦ ታጥባችሁ ውሃው መንጠባጠብ ሲያቆም፣ ጸጉሩ ገና እርጥብ እያለ፣ መጀመሪያ ሊቭ ኢን የሚባለውን የማይታጠብ ኮንዲሽነር ቀቡ። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ዘይት መዳፋችሁ ላይ አሹና ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። ጸጉሩን አራት ወይም ስድስት ቦታ ከፍላችሁ ካልሠራችሁ ላዩ ብቻ ይቀባና መሀሉ ይረሳል። በሳምንቱ መሀል ሲደርቅ እጃችሁ ወደ ዘይቱ አይሂድ። ውሃ ነፋ ነፋ አድርጉበት፣ ዘይቱ ቀጥሎ ይምጣ።

ሁሉም ዘይት አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። የኮኮናት ዘይት ጸጉሩ ውስጥ ዘልቆ መግባት ከሚችሉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ሲታጠብ የሚጠፋውን ፕሮቲን ስለሚቀንስ ከመታጠብ በፊት፣ ቢቻል ከማታው፣ መቀባት ይሻላል። የጉሎ ዘይት ወፍራም ነው። ላይ ላዩን ስለሚቀመጥ ለጫፍ፣ ያውም በትንሹ፣ ይበቃል። «ጸጉር ያበቅላል» የሚባለውን ግን ብዙ አትመኑበት። ጆጆባ ከዘይት ይልቅ ለሰም የሚቀርብ ሲሆን የቆዳችንን ቅባት ይመስላል፤ ቀለል ያለ ነገር ለሚወድ ጥሩ ነው። ብዙዎች የሚንቁት ቫዝሊን ወደ ውስጥ አይገባም፣ ውሃን በማገድ ግን የሚችለው የለም። ዘይት ማሞቅ ከፈለጋችሁ ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሙት፣ እሳት ላይ አትጣዱት።

ውሃ አልቀበል አለ

ስትረጩበት ውሃው ጠብታ ጠብታ ሆኖ ከላይ ይንከባለላል። ወይ ዘይት በዘይት ላይ ተደራርቧል፣ ወይ ጸጉሩ በተፈጥሮው ቅርፊቱ የተጣበቀ ነው። ለመለየት ጸጉርን አጥርቶ በሚያጥብ ሻምፑ አንድ ጊዜ እጠቡት። ውሃው ከገባ ችግሩ ክምችት ነበር ማለት ነው፤ በወር አንዴ እንዲህ ማጠብ ይበቃል። አሁንም ከተንከባለለ ጸጉራችሁ ሙቀት ይፈልጋል። ኮንዲሽነር ቀብታችሁ በፕላስቲክ ቆብ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሸፍኑት፣ ወፍራም ዘይቶችንም ተዉአቸው። ጸጉር ውሃ ይቀበል እንደሆነ ለማወቅ ብርጭቆ ውሃ ላይ ጥሎ «ተንሳፈፈ፣ ሰጠመ» የሚባለውን ፈተና እኔ አልቆጥረውም፤ ትንሽ ቅባት ካለው ማንኛውም ጸጉር ይንሳፈፋል።

ተቃራኒውም አለ። ውሃውን ወዲያው ይጠጣል፣ ብዙም ሳይቆይ ይደርቃል። በቀለም፣ በብሊች ወይም በፒያስትራ የተጎዳ ጸጉር እንዲህ ነው። ለዚህኛው ከሊቭ ኢን በኋላ ወፈር ያለ ክሬም ወይም ዘይት ደርቡበት። የተጎዳውን ደግሞ ቀስ በቀስ እየከረከማችሁ አስወግዱ።

ጫፉ ሁለት ሆኗል፣ ይቆላለፋል

አንድ ዘለላ ጸጉር ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡና ጫፉን ብርሃን ላይ እዩት። ጫፉ እንደ ባላ ተከፍሎ ይሆናል። ወይም መሀሉ ላይ ነጭ ነጥብ ታያላችሁ፤ እዚያ ጋ ሊበጠስ ቋፍ ላይ ነው። ወይም ራሱን በራሱ ቋጥሮ ጣት ሲያልፍበት የምትቆረቁር ትንሽዬ ቋጠሮ አለች።

ጫፍ የጸጉሩ አሮጌው ክፍል ነው። ጸጉር በወር 1 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚያድግ 30 ሴንቲሜትር የደረሰ ጸጉር ጫፉ ሁለት ዓመት ያለፈው ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ታጥቧል፣ ተበጥሯል፣ ትራስ ላይ ታሽቷል። የላይኛው ቅርፊት ሲያልቅ ውስጡ ይተረተራል። የተሰነጠቀ ጫፍን ለዘለቄታው የሚያጣብቅ ዘይት የለም። «ይጠግናል» የተባለው ምርት እስኪታጠብ ድረስ አጣብቆ ያቆየዋል፣ በቃ።

ስለዚህ መከርከም ነው። ከስንጥቁ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ቁረጡ፤ ስንጥቅ ከተተወ ወደ ላይ ይወጣል። መቀሱ የጸጉር ይሁን። የወረቀት መቀስ ጸጉሩን ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቆርጠውም፣ ያው አዲስ ስንጥቅ ነው። ቤት ውስጥ ለምትከረክሙ ቀላሉ መንገድ፦ ጸጉሩን በትንንሹ ለሁለት እየገመዳችሁ ውረዱ፣ ገመዱ ድንገት የሚሳሳበትን ቦታ ታገኛላችሁ፣ ከዚያ በታች ያለውን ብቻ ቁረጡ። እርጥብ ጸጉር ላይ ርዝመት ለማስተካከል አትሞክሩ። ሲደርቅ ይሰበሰብና ሳታስቡት አጥራችሁ ታገኙታላችሁ። ለቋጠሮዋ ደግሞ ከላይዋ ቆረጥ ማድረግ ነው፤ ለመፍታት ስትታገሉ ጸጉሩ ይበጠሳል።

መከርከም ጸጉርን አያፈጥንም። እድገቱ ከሥሩ ነው፣ ሥሩ ደግሞ ጫፉ ላይ የሚደረገውን አያውቅም። ጥቅሙ ያደገው እንዳይበጠስ ማድረጉ ነው። ስንት ጊዜ ለሚለው፣ ፒያስትራና ፎን የሚያዘወትር በየ3 ወሩ፣ የማያዘወትር በየ4 እስከ 6 ወሩ ጫፉን አይቶ ቢወስን ይሻላል። ሒሳቡን ግን አትርሱ፦ በ3 ወር የሚያድገው 3 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በየ3 ወሩ 3 ሴንቲሜትር የሚቆርጥባችሁ ሰው ካለ ጸጉራችሁ ባለበት ይረግጣል። ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት የሚቆረጠውን ልክ በጣት አሳዩ፤ «ትንሽ ብቻ» ሲባል የሁሉም ሰው ትንሽ እኩል አይደለም።

ፒያስትራ ካልቀረ ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ ከሙቀት የሚከላከል ቅባት ይቀባ፣ የፒያስትራው ሙቀትም ከ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይብለጥ።

ማበጠሪያው ላይ እንደ ጉድ ይቀራል

መጀመሪያ ወደቀ ወይስ ተበጠሰ? ሙሉ ርዝመት ያለውና ሥሩ ላይ ነጭ ጉብ ያለበት ጸጉር ጊዜው ደርሶ የወደቀ ነው። በቀን ከ50 እስከ 100 መውደቁ ጤናማ ነው። ሹሩባ ለ4 ሳምንት ቆይቶ ሲፈታ የዚያ ሁሉ ቀን ጸጉር አንድ ላይ ስለሚወጣ አትደንግጡ። አጭር፣ ነጭ ጉብ የሌለው ከሆነ ግን ተበጥሷል። ደረቁን አታበጥሩ። ኮንዲሽነር ተቀብቶ፣ ጥርሱ በተራራቀ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ወደ ሥር ይፈታ። ማታ ሳቲን ነገር አስራችሁ ተኙ፤ የጥጥ ትራስ ጸጉሩን ይፈትጋል፣ እርጥበቱንም ይመጥጣል።

ነጭ ጉብ ያለው ጸጉር ከወትሮው በዝቶ የሚወርድ ከሆነ፣ ከወሊድ፣ ከከባድ ትኩሳት ወይም ከቀዶ ሕክምና ሁለትና ሦስት ወር በኋላ የተለመደ ነው። የብረት እጥረትም ያመጣዋል። ለዚህ መፍትሄው የደም ምርመራ እንጂ ዘይት አይደለም።

ፎሮፎሩ ዘይት ሲቀባ ይብሳል

ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ ሁላችንም ራስ ላይ አለ። የሚመገበው ቅባት ነው። እናንተ «ቆዳዬ ደረቀ» ብላችሁ ስትቀቡ እሱን እየቀለባችሁ ነው። ዘይቱን ከቆዳው ላይ አንሱና ኬቶኮናዞል ወይም ዚንክ ፓይሪቲዮን ያለበት ሻምፑ በሳምንት ሁለት ጊዜ ተጠቀሙ፤ በውሃ ከመለቅለቁ በፊት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆዳው ላይ ይቆይ። ሻምፑው ጸጉሩን ሊያደርቀው ስለሚችል አረፋው ቆዳው ላይ ይቅር፣ ዘይትና ኮንዲሽነሩ ደግሞ ዘለላው ላይ። በአንድ ወር ካልተሻለ ሐኪም ይየው።

ግንባር ላይ ብጉር ከጀመረም ተጠርጣሪው ያው ዘይት ነው። ከጸጉር መነሻው ሁለት ጣት ያህል ራቁ፣ የትራስ ጨርቁንም ቶሎ ቶሎ እጠቡ።

ግንባርና ጆሮ ዙሪያ እየሳሳ ነው

ሹሩባው ሲሠራ ያማል? ሥሩ ላይ ትንንሽ ብጉር ይወጣል? ጥፋተኛው መወጠሩ ነው። ፍቱት። ላላ አድርጎ ማሠራትና በመሀል ለተወሰኑ ሳምንታት ማሳረፍ በጊዜ ከተደረገ ጸጉሩ ይመለሳል። ቦታው ልስልስ ብሎ ማብረቅረቅ ከጀመረ፣ ወይም የመሀል አናት ላይ እየሰፋ የሚሄድ መሳሳት ካለ፣ ዘይቱንም መቀሱንም አቆዩና ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ። የጸጉሩ ሥር አንዴ በጠባሳ ከተዘጋ የሚመልሰው መድኃኒት የለም።