ድሬ ቁጭ ብሎ አልማዝ ኦንላይን መግዛት

አቦ መጀመሪያ ፎቶውን እርሳው፣ ላይት ከበራበት መስታወትም ያብለጨልጫል። የምትጠይቀው ሰርተፍኬት ነው። ጂአይኤ የሚባለው ከ1931 ጀምሮ ያለ አልማዝ የሚመረምር የአሜሪካ ተቋም ሪፖርቱ (ሰርተፍኬቱ ማለት ነው) ላይ ቁጥር ይሰጣል፣ ቁጥሩን ራስህ ዌብሳይታቸው ላይ አስገብተህ ካራቱን (ክብደቱን) ከለሩን ክላሪቲውን (ውስጡ ምን ያህል እንከን እንዳለው) ታመሳክራለህ፣ ሻጩ የላከልህን ሊንክ ግን እንዳትነካ፣ ፌክ ገጽ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ እውነት ሆኖ ድንጋዩ ሌላ የሚሆንበትም ጊዜ አለ፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የድንጋዩ ጠርዝ ላይ በሌዘር ቁጥሩ ስለሚጻፍ እሱን በማጉያ አርጎ በቪዲዮ ያሳይህ፣ እምቢ ካለ ቻው።

ላቦራቶሪ ውስጥ የተሠራም አልማዝ እኮ አልማዝ ነው፣ ዋጋው ግን ከተፈጥሮው በጣም ይወርዳል፣ የትኛው እንደሆነ ሪፖርቱ ላይ ይጻፋል። ሞይሳናይት የሚባለው አልማዝ የሚመስል ሌላ ድንጋይ ነው ክፉው፣ በሙቀት የሚሠራውን የአልማዝ መለያ ቴስተር ይሸውደዋል፣ እዚሁ ድሬ ከዚራም ሆነ ታይዋን ያለ ወርቅ ቤት ቴስተሩን ብቻ አስነክቶ "ኦርጅናል ነው" ቢልህ አይበቃም።

ብሩ ላይ ደግሞ "እቃው ጅቡቲ ገብቷል ግማሹን በቴሌብር ላክ" የሚልህን ብሎክ አርገው። ውጭ ያለ ዘመድ ካለህ እሱ በክሬዲት ካርድ ይክፈል፣ ችግር ቢፈጠር ባንኩ ጋ ማመልከት ይችላል። መመለሻው ስንት ቀን እንደሆነና መላኪያው ኢንሹራንስ እንዳለው በጽሁፍ ያዝ፣ የጉምሩኩንም ቀረጥ ሳትከፍል በፊት ጠይቅ፣ ደረሰኙንም እንዳትጥል።