የአሚራ ናሙና ሲመዘገብ የሚበላሹ ነገሮችና መፍትሄያቸው

በሰበታና በቡራዩ በኩል እየዞራችሁ አሚራንና (ፕሉምባጎ ዘይላኒካ የሚባለውን ባለ ነጭ አበባ ተክል) ዘመዶቹን ለሄርባሪየም፣ ማለትም ለደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ፣ የምትሰበስቡ ካላችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

ችግር፦ ጥቅምት ላይ የቆረጣችሁት ተክል መዝገቡ ውስጥ የካቲት ገብቷል።

ጥፋቱ ከቀኑ አጻጻፍ ነው። 12/2/2016 ብላችሁ ጻፋችሁ። ለእኛ ጥቅምት 12 ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የሚያነበው ግን ፌብሩዋሪ 12፣ 2016 ይለዋል፤ ትክክለኛው ኦክቶበር 23፣ 2023 ሆኖ ሳለ። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ተሳሳተ ማለት ነው፤ ክረምት እንደወጣ ያበበው ተክል በበጋ ያበበ ይመስላል፣ የአበባ ጊዜ የሚያጠና ሰው ደግሞ የሚያምነው ያቺኑ ቁጥር ነው። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለውንም አትርሱ።

ችግር፦ ካርታው ላይ ነጥቡ ባሕር ውስጥ ነው።

የጂፒኤስ ቁጥሮቹ ቦታ ተቀያይረዋል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን፣ 38.7 ምሥራቅ ገደማ ናት። ገልብጣችሁ ከጻፋችሁት ከሰርዲኒያ በታች ሜዲትራኒያን ላይ ያርፋል። ሰሜንና ምሥራቅ የሚሉትን ቃላት ከቁጥሩ ጋር ጻፉ፣ በቃ።

ችግር፦ ሰማያዊ አበባ ያለው ተክል «ዱር በቀል» ተብሎ ተመዝግቧል።

ብዙ ጊዜ የማየው ይሄንን ነው። የአሚራ ዘመድ የሆነው ባለ ሰማያዊ አበባው ፕሉምባጎ አውሪኩላታ የደቡብ አፍሪካ ተክል ነው፤ እኛ ጋ ለአጥር ይተከላል። ከተማው ዳር ቤት ይፈርሳል፣ አጥሩ ይቀራል፣ ሁለት ክረምት ሲያልፍበት ቁጥቋጦ ይሆንና የተከለውም ሰው ይረሳል። ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት ዙሪያውን እዩ። የመሠረት ድንጋይ አለ? በመስመር ነው የበቀለው? የሚያልፉ አሮጊት ካሉ «እማማ፣ እዚህ ቤት ነበር እንዴ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያገኛችሁትንም ሳትቀንሱ መለያ ወረቀቱ ላይ አስፍሩ፦ የተተከለ፣ ከአጥር የተረፈ፣ ወይም በራሱ የበቀለ።

ሰማያዊ ሁሉ ግን የአጥር ተክል አይደለም። ሴራቶስቲግማ አቢሲኒኩም አገር በቀል ነው፤ የአበባውን ውጫዊ ሽፋን ስትነኩት እንደ ፕሉምባጎ እጅ ላይ አይጣበቅም። አውሪኩላታም ነጭ አበባ ያለው ዓይነት አለው፣ ከአሚራ ጋር ያምታታል። የአሚራ ሽፋን ከታች እስከ ላይ የሚያጣብቁ ፀጉሮች አሉት፣ የአውሪኩላታ ደግሞ ወደ ላይኛው ክፍል ብቻ። ሌንስ ያዙ።

ችግር፦ አበባው ጋዜጣው ላይ ተጣብቆ ተቀደደ፣ ቀለሙም ጠፋ።

ያው የፀጉሮቹ ሙጫ ነው። አበባውን በሶፍት ሸፍኑት፣ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ፣ ቀለሙን እዚያው ሜዳ ላይ ጻፉ። ሥር የምትቆፍሩ ከሆነ ጓንት አድርጉ፤ ውስጡ ያለው ፕሉምባጂን የሚባል ንጥረ ነገር ቆዳን ውኃ ያስቋጥራል።

የቆየ ስህተት ካገኛችሁ ግን አሮጌውን መለያ አትቅደዱ፣ አትሰርዙ። ስማችሁንና ቀኑን ጽፋችሁ አዲስ ወረቀት ከጎኑ ለጥፉ።