ከተከራይ ጋር ፍርድ ቤት ላለመድረስ፣ ከተደረሰም ላለመረታት

አከራይና ተከራይ የሚጣሉት ኪራይ ሲዘገይ ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ የተበላሸው ውሉ የተፈረመ ቀን ነው። ደላላው ፎርሙን ያወጣል፣ ስምና ብር ይሞላል፣ ሁለቱም ሳያነቡ ይፈርማሉ፣ እሱም ኮሚሽኑን ተቀብሎ እልም ይላል።

አዲስ አበባ የምታከራዩ ሰዎች የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አንብቡት። ውሉ በጽሑፍ ይሁን ይላል፣ በ30 ቀን ውስጥም መመዝገብ አለበት። ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜ መዋዋል አይቻልም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ «የስድስት ወር ካልከፈልክ ቁልፍ የለም» ማለት ቀርቷል፣ ቢያንስ በወረቀት። ጭማሪም በዓመት አንዴ ብቻ ነው፣ ያውም መንግሥት ባወጣው ልክ። ብዙ አከራይ በዚህ ያማርራል፤ ኑሮው በየወሩ እየጨመረ ኪራዩ ባለበት ሲቆም ማማረሩ አይፈረድበትም። ክርክር ሲመጣ ግን የሚገለጠው ይሄው አዋጅ ነው፣ ስለዚህ «እኛ በስምምነት ነው የሄድነው» ብላችሁ የተዋዋላችሁት የአንድ ዓመት ውል አያድናችሁም።

አሁን ማንም ጮክ ብሎ ወደማያወራው ነገር እንምጣ። ግብር ለመቀነስ ተብሎ ኪራዩ 20 ሺህ ብር ሆኖ ውሉ ላይ 8 ሺህ ይጻፋል። ሁለቱም ያውቃሉ፣ ደላላውም ያውቃል። ከዚያ ተከራዩ መክፈል ያቆማል እንበል። ምን ብላችሁ ትከሳላችሁ? የፈረማችሁት ወረቀት 8 ሺህ ይላል። ምስክር እጠራለሁ ትሉ ይሆናል፣ በጽሑፍ የሰፈረን ውል በምስክር ቃል ማፍረስ ግን በእኛ ሕግ እንዲህ በዋዛ የሚሆን ነገር አይደለም። ቢሳካላችሁ እንኳ ግብር መደበቃችሁን በራሳችሁ አፍ ለመዝገብ ሰጣችሁ ማለት ነው። ትክክለኛውን ዋጋ ጻፉ። ግብሩ ያማል፣ ግን ሊከራከሩበት የማይችሉት ውል የባሰ ያማል።

ኪራዩን በእጅ አትቀበሉ። አዋጁም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ነው የሚያዘው፤ ቴሌብርም ይሁን ባንክ፣ ምክንያቱ ላይ «የጥቅምት ኪራይ» ተብሎ ይጻፍ። «ከፍያለሁ፣ አልከፈልክም» የሚባለው ጭቅጭቅ እዚያው ይሞታል።

ቆጣሪን ደግሞ አትናቁት። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲኖሩ ቢሉ በመጣ ቁጥር ፀብ አለ። አንዷ በየሦስት ቀኑ በኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግራለች፣ ሌላው ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ወንደላጤ ነው፤ እኩል ክፈሉ ሲባል «እትዬ፣ እኔ አንድ አምፖል ነው ያለኝ እኮ!» ይላል። እውነቱን ነው። ከቻላችሁ ለየቤቱ ፍጆታውን ብቻ የሚያነብ ትንሽ ቆጣሪ በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስገጥሙ። ካልቻላችሁ የእያንዳንዱን ድርሻ ውሉ ውስጥ አስገቡ፤ የውኃውንም፣ የጥበቃውንም፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ የኮሚቴውን መዋጮም። ቁልፍ የምትሰጡ ቀን ተከራዩ ባለበት የቆጣሪውን ቁጥር በስልክ አንሱት። እግረ መንገዳችሁን ቤቱን በሙሉ በቪዲዮ ቅረጹ፤ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ፣ የተሰነጠቀውን መስታወት፣ የቁልፉን ብዛት። አጭር የርክክብ ወረቀት ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ተከራዩ ሲወጣ «ሲንኩ ድሮም የተሰበረ ነው» ቢላችሁ አውጥታችሁ ታሳዩታላችሁ።

ኪራይ ከዘገየ መጀመሪያ አናግሩት። ደመወዝ ዘግይቶበት ይሆናል፣ ሰው ታሞበት ይሆናል። ከተደጋገመ ግን ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ቀንና የውዝፉን መጠን ጠቅሳችሁ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡ፣ በቅጂው ላይም አስፈርሙት። አልፈርምም ካለ በሪኮማንዴ ፖስታ ላኩ። ሽማግሌ ከገባም ስምምነቱ በወረቀት ይስፈር፦ ውዝፉ በስንት ጊዜ ይከፈላል፣ ቤቱ በየትኛው ቀን ይለቀቃል።

በንዴት የሚደረገው ነገር ነው ብዙ አከራይ የሚጥለው። ቁልፍ መቀየር፣ መብራት መቁረጥ፣ ውኃ መዝጋት፣ ዕቃ አውጥቶ ግቢ ውስጥ መደርደር። ገንዘብ የቀረባችሁ እናንተ፣ ፖሊስ ጣቢያ የምትጠሩትም እናንተ ትሆናላችሁ። ተከራዩ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ሊከስ ይችላል፣ ዕቃውን ከነካችሁ ደግሞ ያልነበረ ወርቅም ጠፋብኝ ሊል ይችላል፤ አልነበረም ብላችሁ በምን ታስረዳላችሁ? ሰው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው ከቤት የሚወጣው። ይዘገያል፣ ያበሳጫል፣ ግን ሌላ መንገድ የለም። ቤቱ የእናንተ ቢሆንም ሳታስታውቁ ሰተት ብላችሁ አትግቡ፤ ቧንቧ ማየት ካስፈለገ አስቀድማችሁ ደውሉ።

ውጭ አገር ሆናችሁ በዘመድ የምታከራዩ ደግሞ ውክልናችሁን አሁኑኑ አውጥታችሁ እዩት። «ቤቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ብቻ ከሆነ፣ የእህታችሁ ልጅ ኪራይ መሰብሰቡን ይሰበስባል፣ ክስ ለመመሥረትና ለመከራከር ግን አይበቃውም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለዚህ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። መክሰስ፣ መከሰስና መታረቅ የሚሉት ሥልጣኖች በግልጽ ይጻፉበት። ይህ ሳይኖር ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ፣ ኤምባሲ ሄዳችሁ አዲስ ውክልና አዘጋጅታችሁ እስክትልኩ ተከራዩ ሳይከፍል መቀመጡ ነው።