የ600 ሜጋባይቱን መጫኛ ትቼ ስካነሩን ያሠራሁበት መንገድ

ስካነሩን በዩኤስቢ ገመድ ስሰካው ዊንዶውስ 10 ያየዋል፤ ዲቫይስ ማኔጀር (የኮምፒውተሩ መሣሪያዎች የሚዘረዘሩበት የዊንዶውስ መስኮት) ውስጥ ግን ስሙ ላይ ችግር እንዳለ የሚያሳይ ቢጫ ምልክት ይወጣል። አምራቹ የሚያቀርበው የድራይቨር (ዊንዶውስን ከመሣሪያው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) መጫኛ 600 ሜጋባይት ነው። የፎቶ ማስተካከያ፣ የምዝገባ ቅጽ፣ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ የሚነሣ ማሳሰቢያ፣ ሁሉም ታጭቆበታል። እኔ የምፈልገው አንድ ወረቀት ስካን ማድረግ ነበር! መጫኑም 87 በመቶ ላይ ደርሶ ይቆማል።

እንደገና አወረድሁት፤ ጸረ ቫይረሱን ለጊዜው አጠፋሁ፤ ገመዱን ወደ ሌላ ማስገቢያ አዛወርሁ። ሦስት ቀን በከንቱ አለፈ።

በመጨረሻ መጫኛውን ማስኬድ ትቼ የታመቁ ፋይሎችን በሚከፍተው ፕሮግራም፣ በሰቨን ዚፕ፣ ከፈትሁት። ከአቃፊዎቹ በአንዱ ውስጥ መጨረሻቸው አይኤንኤፍ፣ ሲኤቲ እና ኤስዋይኤስ የሆኑ ፋይሎች አገኘሁ፤ ተደምረው 4 ሜጋባይት አይሞሉም። እውነተኛው ድራይቨር ይህ ነው። አይኤንኤፍ የትኛው ፋይል ለየትኛው መሣሪያ እንደሚጫን ለዊንዶውስ የሚነግር ተራ ጽሑፍ ነው፤ ሲኤቲ ዲጂታል ፊርማውን ስለሚይዝ ከሌሎቹ መነጠል የለበትም።

አቃፊውን ዴስክቶፕ ላይ አወጣሁት። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበትን ስም በቀኝ ጠቅ አድርጌ «አፕዴት ድራይቨር»፣ ቀጥሎ ከኮምፒውተሩ ውስጥ የሚፈልገውን አማራጭ መረጥሁ፤ አቃፊውን አሳየሁት፤ ንዑስ አቃፊዎችን እንዲያካትትም ምልክት አደረግሁ። ግማሽ ደቂቃ እንኳን አልፈጀም፤ ቢጫው ጠፋ፣ የስካነሩ መብራት በራ።

ሰቨን ዚፕ የማይከፍተው መጫኛ ከገጠማችሁ አስነሡትና የመጀመሪያው መስኮት ሲመጣ ሳትዘጉት የዊንዶውስን ጊዜያዊ አቃፊ ተመልከቱ። ብዙዎቹ ፋይሎቻቸውን መጀመሪያ የሚዘረግፉት እዚያ ነው።