ፊልትሮና ማርሚታ ከቀየርክ በኋላ ሞተሩን እንዴት ታስተካክላለህ

ኮን ፊልትሮ (ሾጣጣውን የአየር ፊልትሮ) ገጥመሃል፣ ማርሚታውንም አስቀይረሃል። ድምፁ አምሯል። ግን መኪናው ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ይሰንፋል፣ ቤንዚን ደግሞ ይጠጣል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ዕቃውን ይራገማል፣ ወይም ያገኘውን ቡሎን ሁሉ ማዞር ይጀምራል። ተው። ሳትለካ ምንም አትንካ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባህር ዳርቻ ላይ 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ 76 አካባቢ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ገና ከግቢ ሳይወጣ አጥቷል። ይህን ፊልትሮም ማርሚታም አይመልሱልህም። ትንሽ ሞተር ላይ ጥቂት የፈረስ ጉልበት ካገኘህ ተመስገን በል።

አሁን ወደ ሥራው። ካንዴላዎቹ ያረጁ ከሆነ ቀይራቸው፣ ዘይቱን እይ፣ የሞተሩን ኮምፕሬሽን አስለካ። የደከመ ሞተር በማስተካከል አይድንም።

ቀጥሎ አየር ወይም ጭስ የሚያፈስበትን ቦታ ፈልግ። እኔን ከጠየቅከኝ አብዛኛው ችግር ያለው እዚህ ነው። በመግቢያው በኩል የአዲሱን ቱቦ ማሰሪያዎች፣ የቫኪዩም ጎማዎቹንና የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን አንድ በአንድ እይ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ በትንሹ እርጭ፤ የሞተሩ ድምፅ ከተቀየረ አገኘኸው። ቤንዚን ወይም የካርቡራቶር ማጽጃ የሚረጩ አሉ፣ ይሠራል፣ ግን የጋለ ማኒፎልድ አጠገብ እሳት ነው፣ ይቅርብህ። በጭስ በኩል ደግሞ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሳውና በወፍራም ጨርቅ የማርሚታውን ጫፍ ለአፍታ ያዝ ያዝ አድርገው። የሚያፈስበት ቦታ ቲክ ቲክ ይላል። ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ያለች ትንሽ ቀዳዳ ከሁሉ ትብሳለች። ጭሱ በምት በምት ስለሚወጣ በመሃል የውጭ አየር በቀዳዳዋ ይገባል፣ ሴንሰሩ ኦክስጅን በዛ ይላል፣ ኢሲዩው (የሞተሩ ኮምፒውተር) ነዳጅ አነሰ ብሎ ይጨምራል። ቤንዚን የሚጠጣው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ኮን ፊልትሮው ከሞተሩ ጎን ክፍት ሆኖ ከተቀመጠ የሚስበው የጋለ አየር ነው። ስካነር (ኢሲዩውን የሚያነብ መሣሪያ) ላይ የሚገባውን አየር ሙቀት እይ። መንገድ ዝግ ሲሆን ቁጥሩ ከውጭው ሙቀት በጣም ርቆ ከወጣ በላሜራ ጋርደው፣ ቀዝቃዛ አየር የሚያመጣ ቱቦም ከፊት ሳብለት። ካልሆነ የፋብሪካው ሳጥን ይሻልሃል፣ እውነቴን ነው። ዘይት የሚቀባ ፊልትሮ ከሆነም አታብዛው፣ ዘይቱ ማፍ ሴንሰሩ (የሚገባውን አየር መጠን የሚለካው) ላይ ይለጠፋል። ሴንሰሩን በራሱ ማጽጃ ብቻ አጽዳ፣ ሽቦውን በጣትም በጨርቅም አትንካ። ሌላው፣ ሴንሰሩ የተቀመጠበት ቱቦ ስፋት ከተቀየረ ኢሲዩው የአየሩን መጠን በስህተት ነው የሚያሰላው፤ ስለዚህ የድሮውን የሴንሰር ቤት አትጣል።

አሁን ስካነሩን ሰክተህ አጭርና ረጅም የነዳጅ ትሪም የሚሉትን አንብብ፤ ኢሲዩው ነዳጁን በስንት በመቶ እንደጨመረ (ፕላስ) ወይም እንደቀነሰ (ማይነስ) ያሳያሉ። ሁለቱን ደምር። በዜሮ ዙሪያ፣ ከ5 በመቶ ወዲህና ወዲያ ካልራቀ መኪናው ራሱን አስተካክሏል፣ አትነካካው። ከ10 ካለፈ ምክንያት አለው። ሚኒሞ ላይ ፕላስ 15 ብሎ 2,500 ዙር ላይ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ከማፍ ሴንሰሩ በኋላ አየር እየገባ ነው። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ጭነት ሲመጣ ወደ ፕላስ የሚሄድ ከሆነ የነዳጅ ፓምፑን፣ የነዳጅ ፊልትሮውንና ማፍ ሴንሰሩን ጠርጥር። ቼክ ኢንጂን አብርቶ ፒ0171 ካለ ነዳጅ አንሷል ማለት ነው፣ ፒ0172 ካለ በዝቷል። ያገኘኸውን ከጠገንክ በኋላ የቆየውን ትሪም አጥፋና ጥቂት ቀን በተለመደው መንገድህ ንዳው፣ እንደገና ይማራል። ማፕ ሴንሰር (የማኒፎልዱን የአየር ግፊት የሚለካ) ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ቁልፉን ከፍተህ ሞተሩን ሳታስነሳ ቁጥሩን እይ። አዲስ አበባ ላይ 76 ኪሎፓስካል አካባቢ ማለት አለበት። 100 ካለህ ሴንሰሩ እየዋሸህ ነው።

ፔዳሉን እስከ ወለል ስትረግጥ ግን ትሪም አይረዳህም፤ ኢሲዩው ያኔ በራሱ ሰንጠረዥ ነው የሚሄደው። እዚህ ዋይድባንድ ሴንሰር (ከጭሱ የአየርና የነዳጅ ድብልቁን ልክ የሚያነብ) ያስፈልጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሙሉ ጉልበት ሲያወጣ 1 ኪሎ ነዳጅ ለ12.5 እስከ 13 ኪሎ አየር ጥሩ ነው። 14ን ካለፈ እግርህን አንሳ፣ ወደ 11 ከወረደ ነዳጅ እያባከንክ ነው። አንዱ ይንዳ፣ ሌላው ያንብብ። ኢሲዩ ማስፈላሽ (ፕሮግራሙን ማስቀየር) የሚያስፈልገው ይህ ቁጥር ከተበላሸ ብቻ ነው። ፊልትሮና ማርሚታ ብቻ ለተቀየረለት ቪትዝ ግን ገንዘብህን አታባክን።

ዲስትሪቢዩተር ያላቸው ኮሮላዎች፣ 4ኤ-ኤፍኢ እና 5ኤ-ኤፍኢ የሚባሉት፣ ታይሚንጋቸው (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) በእጅ ይስተካከላል። ሞተሩ ይሙቅ፣ መብራትና ኤሲ ይጥፋ። ኮፈኑ ሥር ባለችው የምርመራ ሳጥን ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉትን በሽቦ አገናኝ። የታይሚንግ መብራቱን አንደኛው ካንዴላ ሽቦ ላይ ያዝና ዲስትሪቢዩተሩን በትንሽ በትንሹ እያዞርክ ምልክቱን 10 ዲግሪ ላይ አምጣው። ቡሎኑን አጥብቀህ አንዴ ደግመህ እይ፣ ሲጠብቅ ይንሸራተታል። ከዚያ ሽቦውን ንቀል፤ ብዙ ሰው የሚረሳት እሷን ነው።

ካርቡራቶር ላለው፣ ለምሳሌ ለዲኤክስ፣ የሚኒሞ ድብልቅ ቡሎኑን ሞተሩ ሞቆ እያለ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር አጥብቅ፣ ከዚያ ዙሩ ከፍ ብሎ እስኪረጋ አላላ፣ ሚኒሞውን ዝቅ አድርገህ ድገመው። ይህ ግን ሚኒሞን ብቻ ነው የሚያስተካክለው፤ ዳገት ላይ የሚወስነው ዋናው ጄት (ነዳጁ የሚያልፍባት የተለካች ቀዳዳ) ነው። ትልቅ ጄት ለመግዛት አትሩጥ። የፋብሪካው ጄት ለቆላ አየር የተለካ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ ያበዛል፣ ስለዚህ አየር በደንብ የሚለቅ ፊልትሮ እንዲያውም ወደ ልኩ ያቀርበዋል። ዳገት ካስወጣኸው በኋላ አጥፋውና ካንዴላውን አውጥተህ እይ። ቡናማ ከሆነ ተወው፣ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ አንሷል።

ማርሚታ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ሰፊ ቧንቧ ሁሌ አይሻልም። ትንሽ ሞተር ላይ የጭሱ ፍጥነት ስለሚቀንስ ዝቅተኛው ዙር ይደክማል፣ አንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምትነዳው በዚያ ዙር ነው። ካታሊስቱን (ጭሱን የሚያጸዳውን ዕቃ) አስቆርጠህ ከሆነም ቼክ ኢንጂን ቢበራ አይግረምህ፤ ፒ0420 የሚመጣው ከዚያ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ያስተካከልከውን መኪና ወደ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ይዘህ ስትወርድ ተጠንቀቅ። አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። እዚህ ዝም ያለው ታይሚንግ እዚያ ከባድ ማርሽ ላይ ስትረግጠው ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ሊያንኳኳ ይችላል፤ ካርቡራቶሩም ነዳጅ ያንሰዋል። ከሰማኸው ማርሽ ቀንስ፣ ፔዳሉን አላላ። ዲስትሪቢዩተር ካለው ቆም ብለህ 2 ዲግሪ ወደ ኋላ መልሰው።